ለምክቶሽ የቱን በትር እንምረጥ?

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንድ ወንድማችን «የባህል ስፖርት ክበባችን የምክቶሽ በትር ወይራ ብቻ መሆን አለበት» ሲል የጻፈውን ሁላችንም አንብበናል። ከሥሩ ደግሞ አንዱ በእርሳስ «ቀርከሃ ይሻላል» ብሎ ጽፎበት፥ ሌላው ቀበል አድርጎ «ቀርከሃ ለቅርጫት ነው» ብሎ መልሶለት አይተናል። በእርሳስ መመላለሱ ማብቂያ ስለሌለው፥ እኛ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ጥቂት ሠልጣኞች ተሰብስበን፥ እርስ በርሳችንም ተከራክረን፥ የደረስንበትን አሳብ እንደሚከተለው አቅርበናል። የማይስማማ ቢኖር ቅር አይለንም፤ በእርሳስ ሳይሆን በወረቀት ይጻፍልን።

በመጀመሪያ ከሌላ አካባቢ ለመጡ ወገኖቻችን ምክቶሽ ምን እንደሆነ እንግለጽ። ምክቶሽ ሁለት ሰዎች በትር ይዘው፥ አንዱ ሲሰነዝር ሌላው እየመከተ፥ በተራ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ስሙም የመጣው «መከተ» ከሚለው ግሥ ነው። ልብ በሉ! ጨዋታው በመምታት አልተሰየመም፤ በመመከት ተሰየመ እንጂ። ስሙን ያወጡት እረኞች የጨዋታውን ቁም ነገር ከኛ ይልቅ ያውቁት ነበር ማለት ነው። እኛም ከብት ስንጠብቅ ያደግን ስለሆንን ይህን ጨዋታ ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ታላቅ ወንድማችን «በል እንግዲህ መክት!» ይለናል፤ «አያ፥ ቀስ በል እንጂ» እንላለን፤ እሱም ቀስ እያለ፥ አንዳንዴም ቀስ ማለቱን እየረሳ፥ አስለመደን።

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርጎ ሞጣ የገባ ሰው የአገራችንን ዱላ ሳያይ አይቀርም። ገበሬው ሽመሉን በትከሻው አጋድሞ፥ ሁለት እጁን ከላይ አንጠልጥሎበት ይሄዳል። ዱላ ለኛ አገር ሰው የከብት መንጃ ነው፤ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ የውሻ መከላከያ ነው፤ ዳገት ላይ የጉልበት መደገፊያ ነው። በክፉ ቀን ግን ያው ዱላ ከጠጅ ቤት ደጃፍ ወይም ከድንበር ጠብ መሀል ይገኛል። አንድ የተፈነከተ ራስ ለቤተ ዘመድ ሁሉ ቂም ሆኖ ሲቀር ያላየ ከመካከላችን የለም። ስለዚህ የበትር ነገር ለኛ ቀልድ አይደለም። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ለልጆች «ምክቶሽ እናስተምራችሁ» ብለን የምንሰጣቸው በትር ምን ዓይነት ነው? በምንስ አኳኋን ነው የምናስይዛቸው? ጥያቄው ይህ ነው።

ደግሞም ሳንደብቅ የምንናገረው ነገር አለ። ባለፈው መንፈቅ ከክበባችን አንዱ ጓደኛችን በልምምድ ላይ ጣቱን ተመታ። በትሩ የደረቀ ወይራ ነበር። የመታው ሰው ክፋት አልነበረበትም፤ ጓደኛችን መመከቻውን ትንሽ ዝቅ አደረገ፥ በትሩ ተንሸራቶ ቀኝ እጁ ላይ ዐረፈ፥ አለቀ። ጣቱ ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠመኔ መያዝ አልቻለም። የማስተማር ልምምዱ የደረሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለነበረ፥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን እኛ እየጻፍንለት፥ እሱ በግራ እጁ እያመለከተ አስተማረ። ተማሪዎቹ ሣቁ። እኛ ግን አልሣቅንም፤ ምክንያቱም በትሩን ቆርጠን ያመጣነው እኛው ነበርን። ያን ጊዜ «ጠንካራ ይሁን እንጂ» ከማለት በቀር በትር እንዴት እንደሚመረጥ አንዳችንም አልጠየቅንም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን አንዱ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። የወይራ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ወይራ አይሰበርም ይላሉ። ሁለተኛ፥ ከባድ በትር ክንድ ያጠነክራል፤ ከባዱን የለመደ ቀላሉን እንደ ላባ ያነሣዋል ይላሉ። ሦስተኛ፥ ቀላል በትር መያዝ ለበላይ ዘለቀ አገር ልጅ ነውር ነው ይላሉ።

የመጀመሪያውን እንቀበላለን፤ ወይራ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሁለት በትሮች ሲጋጩ አንድ ነገር መሸነፍ አለበት። በትሩ አልሸነፍም ካለ የሚሸነፈው ጣት ነው፤ ጣት ከተረፈ ግንባር ነው። ለልምምድ የሚሆን መሣሪያ ዋና ጠባዩ አለመሰበሩ ሳይሆን፥ ሲሳሳቱ ምሕረት ማድረጉ ነው። ሠልጣኝ የሚሳሳት ሰው ነውና!

ሁለተኛው ምክንያት መሠረት አለው። በጥንት ዘመን የሮማ ወታደሮችም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ቬጌቲየስ የተባለው ጸሐፊ መዝግቦታል። ምልምሎቹ ከእውነተኛው ሰይፍ እጥፍ የሚከብድ የእንጨት ሰይፍና እጥፍ የሚከብድ ጋሻ ይዘው ይለማመዱ ነበር። ይህን የሰማ የወይራ ወገን «አላልንም?» ይለን ይሆናል። ቆይ! ያን ከባድ የእንጨት ሰይፍ የሚያሳርፉት በምን ላይ ነበር? መሬት ላይ በተተከለ ግንድ ላይ ነው፤ በጓደኛቸው ላይ አይደለም። ግንድ ጣት የለውም። እንግዲህ ከባድ በትር ለግንድ ይሁን፤ በዚህ እንስማማለን።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ምክንያት አይደለም፤ ፉከራ ነው። በላይ ዘለቀና ሌሎቹ የጎጃም አርበኞች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የታገሉት አገር ከወረረ፥ መድፍና አውሮፕላን ካለው ጠላት ጋር ነው። የጎረቤታቸውን ልጅ ጣት ለመስበር አልነበረም። የእነሱን ስም ለእንዲህ ያለው ነገር መጥራት ክብር መስጠት አይመስለንም።

የቀርከሃ ወገኖችን ደግሞ እንያቸው። «ቀላል ነው፥ ፈጣን ነው፥ ቢመታም አይጎዳም» ይላሉ። ቀላል መሆኑ እውነት ነው። አይጎዳም የተባለው ግን ስሕተት ነው። በፊዚክስ ትምህርት እንደተማርነው የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት በክብደቱ ልክ ሲጨምር፥ በፍጥነቱ ግን በካሬ ይጨምራል። ክብደቱ ግማሽ የሆነ በትር እጥፍ ፈጥኖ ቢወረወር የሚያሳርፈው ምት ከከባዱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ደግሞም ደገኛው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲጋጭ በቁመቱ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ስለት ነው። ስንጥሩ ዐይን ውስጥ ቢገባ ማን ነው መልስ የሚሰጥ? የቆላው ሽመል ውስጡ ድፍን ስለሆነ ከዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አንጓ አንጓው ላይ መመርመር አለበት።

ቀርከሃን በዘዴ የያዙት ጃፓኖች ናቸው። ኬንዶ በሚባለው የሰይፍ ስፖርታቸው የሚጠቀሙበት ሺናይ የተባለው በትር አንድ ወጥ ቀርከሃ አይደለም። አራት የቀርከሃ ፍላጮች ተገጣጥመው፥ በቆዳ ታስረው፥ በሁለት እጅ የሚያዙ ናቸው። ሲመታ ፍላጮቹ ስለሚላሉ ምቱ ይለሰልሳል። ከልምምድ በፊት እያንዳንዱ ፍላጭ ስንጥር እንዳያወጣ ይመረመራል። እኛን ከሁሉ የገረመን ግን መጠኑ ነው። በውድድር ደንባቸው የአዋቂ ወንድ ሺናይ ከ120 ሴንቲሜትር መብለጥ፥ ከ510 ግራም ማነስ የለበትም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወንድ በትር እስከ 117 ሴንቲሜትር ሆኖ ክብደቱ ከ480 ግራም ይጀምራል። ከዚያ በታች ያለው ተማሪ በትር ደግሞ እስከ 114 ሴንቲሜትር ሆኖ ከ440 ግራም ይጀምራል። ለሴቶች ዝቅተኛው ክብደት ለብቻው ተወስኗል። አያችሁ? በትሩ ልጁን ይለካል እንጂ ልጁ በትሩን አይለካም። ለመምህር ትልቅ ትምህርት ነው።

አውሮፓውያንም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅም ሰይፋቸው ከጦር ሜዳ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን የጥንት መምህራን በሥዕል አስደግፈው የጻፏቸው መጻሕፍት ስለቀሩ፥ ከ1990ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ብዙ ሰዎች እነዚያን መጻሕፍት እያነበቡ ጥበቡን እንደ ስፖርት አንሥተውታል። ከመጻሕፍቱ አንዱ ዮአኪም ማየር የተባለው የሰይፍ መምህር በ1570 በስትራስቡርግ ያሳተመው ነው። በዚያ መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ሠልጣኞቹ የያዙት ሰይፍ የጦርነት ሰይፍ አይደለም። ስለት የለውም፤ ወደ ጫፉ ቀጠን ያለ ነው። የዛሬዎቹ «ፌደር» ይሉታል። ጫፉ የደነዘዘ፥ ሲወጋ እንደ ልምጭ የሚተጣጠፍ፥ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ የማይርቅ ነው። ጀማሪ ምን እንደሚገዛ ሲጠይቅ እነሱም እንደኛ ይከራከራሉ፤ እንጨት ነው? ፕላስቲክ ነው? ብረት ነው? እንጨቱ ርካሽ ነው፥ ግን ሲወጋ አይታጠፍም፤ ፕላስቲኩ ቀላል ነው፥ ግን ሲጋጭ ይነጥራል፤ ብረቱ እውነተኛውን ይመስላል፥ ግን ውድ ነው፥ ያለ ወፍራም ጓንትና ያለ ጭንብልም አይነካም። ከዚህ ሁሉ ክርክር የምንወስደው አንድ ነገር ነው። የጦርነቱ መሣሪያና የትምህርቱ መሣሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሰዎቹ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ዐውቀውታል።

በኛ አገር ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ አልተለመደም። ጎራዴያችን በአንድ እጅ ይያዛል፤ ሌላው እጅ ጋሻ አለበት። በሁለት እጅ የሚያዘው መሣሪያችን ዱላው ነው። ይህ ደግሞ የጎጃም ብቻ አይደለም። በኦሞ አካባቢ የሚኖሩት ሱርማዎች ከሁለት ሜትር የሚበልጥ በትር በሁለት እጃቸው ይዘው ዶንጋ ይጋጠማሉ። ጨዋታው ብርቱ ነው፤ ቢሆንም ተጋጣሚን መግደል በሕጋቸው ክልክል ነው። ዐባይ ከኛ ተነሥቶ በሚደርስበት በላይኛው ግብፅ ደግሞ «ታሕቲብ» የሚባል የበትር ጨዋታ አለ። ጥንት የጦር ጥበብ ነበር፤ ዛሬ ግን በሙዚቃ ታጅቦ፥ ተጋጣሚን ሳይነኩ የሚጫወቱት የክብር ጨዋታ ሆኗል። ዩኔስኮም በ2016 በአውሮፓ አቆጣጠር በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። በሰሜን ፖርቱጋል ገበሬዎችና እረኞች በየገበያው ይፈነካከቱበት የነበረው ረጅም በትርም ዛሬ ደንብ ያለው ስፖርት ነው። ታዲያ የግብፅና የፖርቱጋል ገበሬ ዱላውን ከጠብ አውጥቶ ለትምህርትና ለክብር ካበቃው፥ የኛን ምን ያዘው? ምክቶሽስ ከእረኛ ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ የማይገባው ለምንድን ነው?

ስለሆነም የኛ አሳብ አንድ በትር ሳይሆን ሦስት በትር ይኑረን የሚል ነው።

አንደኛው የግንድ በትር ነው። ይህ ወይራ ወይም ክትክታ ቢሆን ተቃውሞ የለንም። ከሜዳው ዳር ግንድ እንተክላለን፤ ክንዱን ማጠንከር የሚፈልግ እስኪደክመው ይምታው። ይህ በትር በሰው ፊት አይነሣም። ከሜዳው ዳር ይነሣል፥ እዚያው ይመለሳል።

ሁለተኛው የትምህርት በትር ነው። ሰንዛሪውና መካቹ ቀስ ብለው፥ በቁጥር፥ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያሉ የሚለማመዱበት ነው። ለዚህ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ቀንበጥ ይበቃል። ቅርፊቱ ተልጦ፥ በጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ላይ የተጣለ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፥ ይጣመማልም። ሲደርቅ ዐይኖቹ ይላጋሉ፤ የጎበጠ ቢኖር በእሳት ለብ ተደርጎ ይቀናል፤ ከዚያ ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት ይጠጣል።

ሦስተኛው የግጥሚያ በትር ነው። በዚህ ነው በነፃ የሚጫወቱት። ቀጭን የባሕር ዛፍ ወይም ድፍን ሽመል ተወስዶ፥ ከመያዣው በላይ ያለው ክፍል በሙሉ በአሮጌ ጆንያ ይጠቀለላል፤ በላዩ በብስክሌት ከመነዳሪ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ጫፉ በጨርቅ እንደ ቡጢ ይደባለላል። መልኩ አያምርም፤ «ይኼ በትር ነው ወይስ የታመመ እግር?» ብሎ የሚሥቅ አይጠፋም። ይሣቅ! ሣቅ ጣት አይሰብርም።

ስለ መጠኑ ደግሞ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ርዝመቱ 120 ሴንቲሜትር፥ ውፍረቱ ዳር እስከ ዳር 2.5 ሴንቲሜትር የሆነ ድቡልቡል በትር ይዘቱ ወደ 590 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ወይራ ደርቆም ክብደቱ ከውሃ ብዙ ስለማይርቅ፥ ያ በትር ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ውፍረቱን በአንዲት ሴንቲሜትር ብቻ ጨምረን 3.5 ብናደርገው ግን ይዘቱ ወደ 1150 ይወጣል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! ብዙ ሰው በትር ሲመርጥ ርዝመቱን አይቶ ውፍረቱን ችላ ይላል። ሚዛን ባይኖረን እንኳ ማስመሪያ አለን። በመጪው ጊዜ ይህን ሒሳብ ለልጆች ራሳቸው እንዲያሰሉት ብንሰጣቸው ሒሳቡም ይገባቸዋል፥ በትሩም ይመረጣል።

ማስመሪያ በሌለበት በሰውነት መለካት ይቻላል። በትሩ መሬት ላይ ሲቆም ከያዡ ደረት ይድረስ፤ ከብብት አይለፍ። ሲጨበጥ አውራ ጣት ከሌባ ጣት ጫፍ ጋር ይገናኝ፤ ካልተገናኘ ለዚያ እጅ ወፍሯል ማለት ነው። ወፍራሙ ወገን በመያዣው በኩል፥ ቀጭኑ በጫፍ በኩል ይሁን። በአንድ ጣት ላይ አጋድመን ስናመዛዝነው ሚዛኑ ወደ መያዣው ከቀረበ እጅ ይታዘዘዋል፤ ወደ ጫፉ ከራቀ ግን በትሩ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል እንጂ ሰውየው በትሩን አይዘውም። ጓደኛችንን የመታው ወይራ እንዲህ ያለ ነበር። መቺው «ልይዘው ፈልጌ አልታዘዝ አለኝ» ሲል ያን ጊዜ አላመንነውም፤ ዛሬ እናምነዋለን።

ሌላም ነገር አለ። ወይራ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም። በኛ አገር ደህና ወይራ የሚገኘው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዙሪያ ነው። አርባ ተማሪ ላለው ክፍል አርባ ወይራ እንቁረጥ ብንል ከየት ልናመጣ ነው? ካህናቱስ ዝም ይሉናል? ባሕር ዛፍ ግን በየገበሬው ማሳ ዳር አለ፤ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት በጀት ይኖረዋል ብለን አንታለል። በእጅ ባለው መሥራት የመምህር ሙያ ነው። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ቁሳቁስ ይሠራል እየተባልን የምንማረው ለፈተና ብቻ ነው እንዴ?

እኅቶቻችንም የጠየቁት ጥያቄ መልስ ይገባዋል። «ለኛ በትር የለም ወይ?» ብለዋል። አንዳንዱ ወንድማችን ሣቀ። እኛ ግን የምናየው እንዲህ ነው። የወይራ ሕግ ከጸደቀ ክበቡ የጉልበተኞች ብቻ ይሆናል። በትሩ ለያዡ ከተለካ ግን ሴቱም ወንዱም፥ ረጅሙም አጭሩም ይገባበታል። መመከት የጉልበት ሥራ አይደለም፤ የዐይንና የእግር ሥራ ነው። ምቱ ሳይደርስ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ያለ ሰው ወይራም ቢመጣበት አይነካውም። ይህን ለመማር ደግሞ ሴት ልጅ ከወንድ አታንስም። ነገ ሴት መምህርት በምታስተምርበት ክፍል ምክቶሽ እንዲቀር አንፈልግም።

እንግዲህ የትኛውም በትር ቢመረጥ ያለ ደንብ አይረባም። የምናቀርባቸው ደንቦች ጥቂት ናቸው። ከልምምድ በፊት እያንዳንዱ በትር ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥጥ ይታበስ፤ ጥጡን የያዘ በትር ስንጥር አለበትና ይላግ፥ ካልሆነም ለማገዶ ይሂድ። በፊትና በአንገት ላይ አይሰንዘር፤ በጫፍ መውጋት ፈጽሞ ይከልከል። እጅ በጨርቅ ሳይጠቀለል፥ ቢቻልም ጓንት ሳይጠለቅ፥ የግጥሚያ በትር አይነሣ። የሞተር ብስክሌት ኤልሜቶ የሚያውስ ቢገኝ እናመሰግናለን። «በቃ!» የተባለ እንደሆነ የተነሣው በትር ወደ መሬት ይውረድ። የጠጣ ወይም የተቀየመ ሰው ሜዳ አይግባ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባለው፥ በኛም ሜዳ የሚቆጣ ሰው በትሩን ለሌላ ያስረክብ። በመጨረሻም ነጥብ የሚቆጠረው ለመታ ሳይሆን ለመከተ ይሁን። ይህ የመጨረሻው ደንብ ከተያዘ ሌሎቹ በቀላሉ የሚጠበቁ ይመስለናል። ልጅ ነጥብ ወደሚገኝበት ይሄዳልና።

ከመፈጸማችን በፊት ስለ ሌላ በትር አንድ ነገር እንበል። እሱም የመምህሩ አርጩሜ ነው። አብዛኞቻችን ፊደል የቆጠርነው አርጩሜ እየተቆጠረብን ነው። የአንዳንዱን መምህር መልክ ረስተን ልምጩን የምናስታውስ አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን በክፍል ተምረነዋል፤ ለፈተናም ጽፈነዋል። ነገር ግን ባለፈው የማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከመካከላችን በሁለተኛው ቀን ልምጭ የቆረጠ አለ። ስም አንጠራም። ምክንያቱም ሌሎቻችንም ስድሳ ልጅ ሲንጫጫብን እጃችን ልምጭ ፍለጋ ወደ መስኮቱ ሄዷል፤ ስለመለስነው ብቻ ከእሱ እንሻላለን ልንል አንችልም።

አርጩሜና የምክቶሽ በትር የሚለያዩት በውፍረት አይደለም። በምክቶሽ ጊዜ በሁለቱም እጅ በትር አለ፤ የሚሰነዝረው ተራው ሲደርስ ራሱም ይመክታል። በአርጩሜ ጊዜ ግን ያንደኛው እጅ ባዶ ነው፤ ተራም የለው። እኛ በተቋማችን ለበትር ምርጫ ይህን ያህል የምንጨነቀው ለጣታችን ብቻ ብለን ከሆነ ድካማችን ትንሽ ነው። ልጁ በትር ሲያይ እንዳይሸማቀቅ፥ ይልቅ ቀና ብሎ፥ እግሩን አስተካክሎ፥ ዐይኑን ከሰንዛሪው ዐይን ሳይነቅል እንዲቆም ማድረግ ከቻልን ግን ሥራችን የመምህር ሥራ ነው። መምህር ክፍል ውስጥ በትር ይዞ መግባት ካማረው ሁለት ይዞ ይግባ፤ አንዱን ለልጁ ይስጠው፥ የጆንያውንም ጥቅል አይርሳ።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ክበቡ በመጪው ስብሰባ ወይራውን ለግንድ፥ ባሕር ዛፉን ለትምህርት፥ ጥቅሉን ለግጥሚያ ብሎ ይወስን። ጣቱ የተሰበረው ጓደኛችን ድኗል፤ ዛሬ ጠመኔ ይይዛል። ወደ ሜዳው ግን ገና አልተመለሰም። አዲሱን በትር ጠቅልለን መጀመሪያ የምንሰጠው ለሱ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰነዝረውም እሱ ይሁን፥ እኛ እንመክታለን። ጆንያና ያረጀ ከመነዳሪ ያለው እስከ ዐርብ ድረስ ለክበቡ ጸሐፊ ያስረክብ።

ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ሠልጣኞች